የእናቴ አዲስ ዐይንና የተበላሸው ዲስክ

የእናቴ ኮምፒውተር የተበላሸው ዓርብ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ሌላ ቀን አልጠፋም፤ እሑድም ሰኞም ነበረለት። ዓርብን የመረጠው እኔን ለማናደድ ነው ብል ሰው ይስቅብኛል፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ የማምነው እንደዚያ ነው።

ዓርብ ዓርብ በእናቴ ቤት አንድ ልማድ አለ። እናቴ የምትኖረው ኔቬ ዮሴፍ የሚባል ሰፈር ነው፣ አሳንሰር በሌለው ሕንፃ ላይኛው ፎቅ። የሰንበት ምግብ ተሠርቶ ከተከደነና ቤቱ ከተጠረገ በኋላ ገላዋን ታጥባ፣ ነጭ ልብሷን ለብሳ ሳሎኑ ጥግ ካለው ኮምፒውተር ፊት ትቀመጣለች። ታላቅ ወንድሜ ለራሱ አዲስ ሲገዛ የሰጣት አሮጌ ነው። ጥልፍ ጨርቅ አልብሳዋለች፤ መክፈት ግን አትችልም፣ መልመድም አትፈልግም። ከእኛ አንዳችን እንከፍትላትና ጎንደር ያለችውን ታናሽ እኅቷን እናሳያታለን። ወንድሜ ባለፈው ዓመት ጎንደር ሄዶ የቀረጸው ቪዲዮ ነው። አክስቴ እኛን ተከትላ ዕብራይስጥ ወደሚነገርበት ወደዚህ አገር ለመምጣት ስትጠብቅ ያረጀች ሴት ናት። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ እናቴን «እታለም» እያለች ታወራታለች፣ ታሾፍባታለች፣ ትስቃለች። እናቴም በስልክ የምታናግራት ይመስል መልስ ትሰጣታለች። ሲያልቅ «በቃ፣ ዝጉት» ትላለች፤ ከዚያ ሰንበት ይገባል።

ያ ዓርብ ግን እንደ ሌላው አልነበረም። የእናቴን ዐይን ለዓመታት ሞራ ጋርዶት ነበር። አልታከምም ብላ ስታስቸግረን ከርማ በመጨረሻ አንዱን ዐይኗን አሠራች። መሸፈኛው ሲነሣላት መጀመሪያ ያየችው የእኔን ሽበት ነው። «አንቺ ልጅ፣ መቼ አረጀሽ?» አለችኝ። ከዚያ የራሷን መስኮት አቧራ አየች፤ ቀጥሎ ክርያት ሐይም እኔ ቤት ድረስ መጥታ የምድጃዬን ጀርባ አየች። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ስታጸዳ የኖረች ሴት ናትና ቆሻሻ አይታ አታልፍም። ያን ዐይን «አዲሱ ዐይኔ» እያለች ነው የምትጠራው። ሐኪሙ ስክሪን ፊት እንድትቀመጥ የፈቀደላት በዚያ ሳምንት ስለነበር፣ የእኅቷን ፊት በአዲሱ ዐይኗ ለማየት ዓርብን ስትጠብቅ ሰነበተች። እስከዚያ ድረስ ያን ቪዲዮ ሰማችው እንጂ አላየችውም ነበር።

ከፈትኩላት። አክስቴ ብቅ አለች፣ አፏን ከፈተች፣ እንደ ከፈተችው ቀረች። ከሣጥኑ ውስጥ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ይመጣ ጀመር፤ ስክሪኑም ጠቆረ። ስለ ኮምፒውተር ብዙ ባላውቅም እንዲህ የሚጮኽ ነገር ወዲያው መጥፋት እንዳለበት ይገባኛል። ሶኬቱን ልነቅል ጎንበስ ስል እናቴ እጄን ያዘችኝ። ሰንበት ገብቷል፣ ኤሌክትሪክ አይነካም አለች። በመስኮት ብመለከት እውነትም ፀሐይዋ የለችም። ለመንኳት። ይህ ነገር እየተበላሸ ነው፣ እኅትሽ ናት እዚያ ውስጥ ያለችው አልኳት። እኅቴም ብትሆን ሰንበት አትሽርም አለችኝ። ስለዚህ ያ ዲስክ ሲቀጨቀጭ አድሮ ሲቀጨቀጭ ዋለ። እኔም ሰንበትን እዚያው ነበርኩና ከጎኑ ተቀምጬ በላሁ፣ ከጎኑ ባለው ሶፋ ላይ ተኛሁ። ጎረቤት በመጣ ቁጥር አንጀቴ እያረረ ሰንበት ሰላም እል ነበር።

ይህ ሁሉ ንዴት ለአንድ አሮጌ ኮምፒውተር እንዳይመስል፣ እናቴ ያን ጊዜ የማታውቀውን ነገር እዚህ ላይ ልናገር። አክስቴ ሞታ ነበር። እናቴ ዐይኗን በተሠራች ሰሞን አርፋ ጎንደር ተቀብራለች። መጀመሪያ የሰማው ወንድሜ ነው፤ እሱ ለእኔ ነገረኝና ሁለታችን ሃሊሳ ሰፈር ወደሚኖሩት አጎታችን ሄድን። አጎታችን የሟቹ አባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ በቤተሰባችን መርዶ ያለ እሳቸው አይነገርም። በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም፣ በመንገድም አይነገርም፣ አንድ ሰው ብቻውን ሄዶም አይናገረውም። ሽማግሌ ይዘው፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ሐዘንተኛው ገና ከቤቱ ሳይወጣ ደርሰው ነው የሚነግሩት። አጎታችን ሁሉንም ከሰሙ በኋላ «ዐይኗስ?» አሉ። ሐኪሙ እንዳትጎነበስ፣ እንዳታሽ፣ እንዳታለቅስ ብሎ ነበር። እኅቷ ሞታ የማትጎነበስና የማታለቅስ ሴት ደግሞ የለችም። ዐይኗ እስኪድን ይቆይ ተባለ። ዐይኗ ሻል ሲላት ፋሲካ ደረሰ፤ በበዓል ለቅሶ አይጀመርም ተባለ። በዓሉ ሲያልፍ የወንድሜ የሥራ ፈረቃ አልመች አለ።

በዚህ መሃል እናቴ ጎንደር ደውሉልኝ ትላለች። እኛ ኔትወርክ የለም እንላታለን። የጎንደር ኔትወርክም አብዛኛውን ጊዜ በእርግጥ ስለማይኖር ውሸታችንን አገዘልን። እኔ ደግሞ የምሠራው ሕፃናት ማቆያ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሕፃናትን ውሸት ነውር ነው ስል እውልና ማታ እናቴ ቤት ገብቼ ስዋሽ አመሻለሁ። ወንድሜን ብጨቀጭቀው መልሱ አንድ ነው፤ በወጉ ነው የሚነገራት ይላል። ወጉ መቼ ነው የሚደርሰው ስለው ይቆጣል።

ሰንበት ሲወጣ ሶኬቱን ነቅዬ ወንድሜ ጋ ደወልኩ። የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ብዙ ጊዜ ከእኔ በላይ ይጮኻል። ያን ቀን ግን አልጮኸም። እስከዚያ ሰዓት ደብቆኝ የነበረውን ነገረኝ። የአክስቴ ቀብር ተቀርጾ ለእሱ ተልኮለት ነበር። ሩቅ አገር ያለ ሐዘንተኛ መርዶ ሲነገረው ማን ቀበራት፣ ማን አለቀሰላት፣ ሰው ነበራት ወይ ብሎ ይጠይቃልና ያ ቪዲዮ የግድ ያስፈልጋል። እናቴ ደግሞ የመጣውን ሰው ሁሉ ስልክ እየተቀበለች ፎቶ አሳየኝ የምትል ሴት ናት። ወንድሜ ስልኩ ላይ እንዳታገኘው ፈርቶ የት ቢደብቀው ጥሩ ነው? እዚያው የእናቴ ኮምፒውተር ላይ። በገዛ ቤቷ፣ በሕይወት ሳለች የተቀረጸችው እኅቷ አጠገብ። «አርኖና» የሚል ፎልደር ከፍቶ እዚያ ውስጥ ከተተው። አርኖና የማዘጋጃ ቤት ግብር ነው፤ ጤነኛ ሰው አይከፍተውም ብሎ አሰበ። ቀብሩን የቀረጸው ዘመዳችን ስልኩን ሸጦታል። አክስቴ የምትስቅበት ቪዲዮም ሌላ ቅጂ የለውም፤ ወንድሜ ስልኩ ሲሞላበት አጥፍቶታል። ያለችውም አክስቴ የሞተችውም አክስቴ የነበሩት በዚያ በሚቀጨቀጭ ሣጥን ውስጥ ብቻ ነበር። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ዘግቼበት ባልተውኩት ኖሮ ይሻል ነበር። እኔ ሥራ በዋልኩበት ቀን እናቴ ቤት ሄዶ ሣጥኑን ፈትቶ ዲስኩን አወጣው። የሚጮኽ ዲስክ ሲቀዘቅዝ ይድናል የሚል ነገር ኢንተርኔት ላይ አንብቦ ኖሯል። በፌስታል ጠቅልሎ ማቀዝቀዣዋ ውስጥ፣ በረዶ ቤቱ ላይ ከተተው። እናቴ ደወለችልኝ። የኮምፒውተሩን ሆድ ዕቃ ወንድምሽ ከዶሮው አጠገብ አስተኝቶታል፤ ዶሮዬን ልበላው ወይስ እሱም ረከሰ ብላ ጠየቀችኝ። ስቄ ነበር፤ ወዲያው ግን ማልቀስ አማረኝ። ወንድሜ በማግሥቱ ዲስኩን አውጥቶ፣ እንደ ረጠበ መልሶ ገጠመው። ከዚያ በኋላ መቀጨቅጨቁንም ተወው፤ ዝም ብሎ ማቃሰት ጀመረ። ወንድሜ ይህን እንደ ጥሩ ምልክት ነበር ያየው።

ሃዳር ሰፈር ውስጥ፣ ደረጃ ወርደው የሚገቡበት አንድ ጠባብ ሱቅ አለ። ባለቤቱ ከሩሲያ የመጣ ወፍራም ሰው ነው፤ ጠረጴዛው ላይ የተበተኑ ዲስኮች፣ ቡና የደረቀባቸው ብርጭቆዎች፣ ዐይኑ ላይ ደግሞ እንደ ሰዓት ሠሪ ማጉሊያ። ዲስኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ሰማው፤ ከዚያ አሽትቶ ማን ነው ያረጠበው አለ። ወንድሜ ጣሪያውን ያይ ጀመር። ሰውዬው ጣቱን እያዞረ ዲስኩ ውስጥ እንደ ድሮ ሸክላ የሚሽከረከር ነገር መኖሩን፣ ቀጭ የሚለውም አንባቢው ቦታ ሲስት መሆኑን፣ በቀጨቀጨ ቁጥር ሊፋቅ እንደሚችል አስረዳን። ሰንበትን ሙሉ ሲቀጨቀጭ ነበር አልኩት። ዐይኑን ጨፈነ። አክሎም ለምን በሁለት ቦታ አላስቀመጣችሁም አለን። ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ሁሉ እኔን ለምን እንደሚያየኝ አይገባኝም።

ተስፋ አልሰጠንም፤ ግን ተቀበለው። ዲስኩ እስካለ ድረስ ያለውን ጠብ ጠብ እያደረገ ወደ አዲስ ዲስክ እንደሚገለብጥና አዲሱን ኮምፒውተሩ ውስጥ እንደሚገጥመው ነገረን። በደወልኩ ቁጥር ነገ ይለኛል። ነገ ስደውል ሌላ ነገ አለ። እናቴ ደግሞ በየማታው ትደውልልኛለች፤ ሐኪሙ ምን አለ ትላለች፣ ሰውዬውን ሐኪም ነው የምትለው። የእኔን ዐይን እኮ በአንድ ጧት ነው የጨረሱት፣ ይሄ ምን ቢሆን ነው ብላ ትቆጣለች። ከሁለቱ መሃል ሆኜ እኔ ተቀጣሁ።

በመጨረሻ ራሱ ደወለ። አብዛኛው ወጥቷል አለኝ። ደስታዬን ሳልጨርስ ግን ስሙ አልወጣም ብሎ ጨመረ። ፎልደር የሚባል ነገር የለም፣ ርእስ የለም፣ ሁሉም ነገር በቁጥር ብቻ አንድ ላይ ተከምሯል። የወንድሜ አርኖናም አብራ ጠፍታለች ማለት ነው። የአክስቴ ቀብርና የአክስቴ ሣቅ ከልጆች ልደትና ከማንም ሠርግ ጋር ተደባልቀው ተቀምጠዋል። ሰውዬው ደግሞ የራሱ ደንብ አለው፤ ባለ ዕቃው መጥቶ ፋይሎቹ ሲከፈቱ በዐይኑ ካላየ ዕቃ አያወጣም። ከዚህ በፊት አልሠራህልኝም ብለው የከሰሱት ሰዎች አሉ መሰለኝ። ወንድሜ ጋ ብደውል ፈረቃ ላይ ነኝ፣ አንቺ ሄደሽ ለይው፣ ቤሰደር ብሎ ዘጋ። ቤሰደር በዕብራይስጥ እሺ ማለት ነው፤ በዚህ ዓለም ላይ እንደ ወንድሜ ቤሰደር አናዳጅ ቃል የለም።

ብቻዬን ልሄድ ነበር ሐሳቤ። ስሕተቴ ለእናቴ ተስተካክሏል ማለቴ ነው፤ በየማታው መደወሏ አሰልችቶኝ አመለጠኝ። እናቴ ቤት ያስቀመጥነውን የሱቁን ደረሰኝ ልወስድ ስሄድ ለብሳ፣ ሻሿን አሥራ፣ ጫማዋን አድርጋ በር ላይ ጠበቀችኝ። ደረሰኙ የት ነው ስላት በጡቷ በኩል ያለውን ቋጠሮ ዳሰሰች። ያለ እኔ አይሰጥሽም አለች። ደረጃው ብዙ ነው አልኩ፤ ፀሐዩ ለዐይንሽ አይሆንም አልኩ፤ ሱቁ ይሸታል አልኩ። ጥቁር መነጽሯን አጥልቃ ከፊቴ ወረደች። አውቶቡስ ውስጥ በመስኮት የሚያልፈውን ማስታወቂያ ሁሉ እያሳየችኝ ይኼ ምን ይላል ትለኛለች። እኔ ሰውዬው ያችን ፋይል ሳይከፍት እንዴት እንደማስቆመው ብቻ ነበር የማስበው።

ሱቁ ውስጥ አንድ ወንበር ብቻ ነበር። ሰውዬው ለእናቴ ጠረገላትና ስክሪኑን ወደ እሷ አዞረው። ቪዲዮዎቹን ለብቻ አወጣቸው፤ እንደ ቴምብር ትንንሽ ሥዕል ሆነው ተደረደሩ። የልጅ ልጅ ልደት፣ የወንድሜ መኪና፣ እኔ ስጨፍር። እናቴ መነጽሯን አውልቃ፣ አንገቷን አስግጋ ታያለች፤ እኔ ከእሷ ቀድሜ ለማየት በትከሻዋ ላይ ተደፍቻለሁ። ሰውዬው ወደ ታች ሲያወርደው ነጭ የለበሰ ሕዝብ ታየ። ከሰዉ ራስ ከፍ ብሎ የተያዘ ቃሬዛ ነበር። የሰውዬው እጅ ልክ ወደዚያ ሄደ።

እኔና ወንድሜ ከልጅነታችን ጀምሮ ከእናታችን የምንደብቀውን ነገር በዕብራይስጥ ነው የምንደብቀው። የትምህርት ቤት ውጤታችንን፣ የወንድሜን ሲጋራ፣ ሐኪሙ ስለ አባቴ ያለውን። ቢሮም ሐኪም ቤትም የምናስተረጉምላት እኛ ነን፤ እሷ ለሁሉም ቤሰደር ነው የምትለው። ስለዚህ ምንም ሳልፈራ፣ ዋጋ የምከራከር መስዬ፣ ፈገግ ብዬ በዕብራይስጥ ነገርኩት።

«ያችን አትክፈት። እኅቷ ናት፣ ኒፍቴራ። ቀብሯ ነው፤ እሷ ገና አታውቅም።»

ኒፍቴራ ማለት አረፈች ማለት ነው። ሰውዬው እጁን ሰበሰበ። እናቴን አየት አድርጎ ዐይኑን ወደ ጠረጴዛው መለሰ። እኔም ተረፍኩ ብዬ ተነፈስኩ።

እናቴ ከስክሪኑ ላይ ዐይኗን አልነቀለችም። እጇ ግን ከጉልበቷ ተነሥቶ የነጠላዋን ጫፍ ያዘ። ከዚያ ወደ እኔ ሳትዞር፣ «እኔ መጦሪያው ቤት ምን ስሠራ የኖርኩ ይመስልሻል?» አለችኝ።

ማጽዳት አልኳት። ምን ልትል እንደፈለገች ገና አልገባኝም ነበር።

«ጧት ስገባ መጀመሪያ የምሰማው ቃል ያ ነበር። የእገሊት ክፍል ኒፍቴራ፣ ሂጂ አንሶላውን ግፈፊ ይሉኛል። ከዕብራይስጡ ሁሉ ቀድሜ የለመድኩት እሱን ነው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ያ ሁሉ የፋሲካ ጥበቃ፣ ያ ሁሉ የኔትወርክ ውሸት፣ የአጎታችን ምክር፣ የወንድሜ ወግ፣ ሁሉም በእኔ አፍ፣ በቀን፣ በኮምፒውተር ሱቅ ውስጥ አለቀ። «እማዬ» ብዬ ጀመርኩ። እጇን አንሥታ ዝም አሰኘችኝ። ድምፅዋ ውስጥ እንባ አልነበረም፤ ወንድሜን ስትቆጣ የምትናገርበት ድምፅ ነው።

«እኔ ምንም አልሰማሁም» አለች። «መርዶ በሱቅ አይነገርም። ነገ ጎሕ ሲቀድ ወንድምሽንና አጎትሽን ይዘሽ ትመጫለሽ፣ በወጉ ትነግሩኛላችሁ። ዛሬ እኅቴ አለች። አሁን እሷን ይክፈትልኝ በይው።»

ነገርኩት። ምን እንደተባለ ሳይጠይቀኝ ፈለገላት። ስም ስለሌለው ብዙ ቆየ፤ ባለ ነጭ ልብሱን ሥዕል ባገኘ ቁጥር ቶሎ ብሎ ያልፈዋል። በመጨረሻ ደጃፍ፣ የቆርቆሮ በር፣ በርጩማ ላይ የተቀመጠች ሴት ታየች። አክስቴ ድምፅ አወጣች። «እታለም፣ ወፈረች ይሉኛል፣ እውነት ነው? ወፍረሽማ በአውሮፕላኑ በር አታልፊም፤ እኔው ነኝ የምመጣልሽ።» ብላ ሳቀች፤ ስትስቅም አፏን በእጇ ሸፈነች። ለሰላምታ እጇን ከአፏ ስታነሣ ግን ሥዕሉ ቆመ፣ ተቆራረጠ፣ አረንጓዴ ሆነ። ከዚያ ወዲያ አልወጣም። ሰውዬው እጁን ዘርግቶ ይቅርታ በሚል ምልክት አሳየን።

እናቴ ይድገመው አለች። ደገመው። አሁንም ይድገመው አለች። ደጅ ላይ ሌላ ደንበኛ ቆሞ ይጠብቃል፤ ሰውዬው ቆይ ብሎ በእጁ መለሰው። ስክሪኑ ላይ አፍንጫዋ ሊነካ እስኪደርስ ተጠግታ፣ «የፊት ጥርሷ የለም» አለች። «አፏን የምትሸፍነው እኮ ለዚያ ነው። በዚህ ሁሉ ዓርብ አላየሁትም። ለምን አልነገራችሁኝም?» ሳቀች ደግሞ፤ የልቧን ነው የሳቀችው። «በልጅነቷም ጥርሷ ሲወልቅ እንዲህ ነበር የምታደርግ። ይችን ተመልከቻት፣ ዛሬም ታፍራለች።» እኔ ጥርሱን ከዓመት በፊት አይቼው ነበር። የሚነገር ነገር አልመሰለኝም።

ወደ ቤት ስንመለስ ስለ አክስቴ አንድ ቃል አላነሣችም። እንዴት ሞተች አላለችም፣ መቼ አላለችም። ከገበያ ዳቦ፣ ስኳር፣ የወረቀት ኩባያ አስገዛችኝ፤ ነገ ሰው ይመጣል አለች። ከጎረቤት ወንበር ተበድሬ እንዳስገባም አዘዘችኝ። ኮምፒውተሩን ተሸክሜ ያን ሁሉ ደረጃ ስወጣ ከኋላዬ ሆና ቀስ በይ፣ ትጥያታለሽ ትለኝ ነበር። ለወንድምሽ የዐይን ሐኪሙ አሁን ማልቀስ ይቻላል ብሏል በይው፣ ሌላውን ምንም አትንገሪው ብላ አስማለችኝ።

ወንድሜ ጋ ደውዬ ነገ ጎሕ ሲቀድ አልኩት። አይመችም አለ፤ ፈረቃ፣ አጎታችን ጉንፋን ይዟቸዋል፣ ደግሞ ቪዲዮው ተለይቶ ወጥቶ ካልሆነ በምን እናሳያታለን፣ አንድ ሳምንት ብንጠብቅ። ከዚያ በፊት በሕይወቴ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። የተናገርኩትን አሁን እዚህ አልጽፈውም። ሲያበቃ ቤሰደር አለ፤ በዚያች ቀን ብቻ ቃሉ አላናደደኝም።

ጎሕ ሲቀድ ሦስታችን ደረጃውን ወጣን። አጎታችን በምርኩዛቸው፣ በየፎቁ እየቆሙ ነው። ወንድሜ በጆሮዬ፣ ድንገት ደንግጣ ብትወድቅ አንቺ ከኋላዋ ቁሚ አለኝ። እናቴ በሯን በቁልፍም በመቀርቀሪያም ሳትዘጋ የማትተኛ ሴት ናት፤ ያን ለት አጎታችን ሲያንኳኩ በሩ ራሱ ገርበብ አለ። ሶፋው ላይ ተቀምጣ ነበር። የሰንበቱን ነጭ አልለበሰችም። ወንበሮቹ በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረዋል፤ የዐይኗ ጠብታ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ ኮምፒውተሩ ጥልፍ ጨርቁን ለብሷል። ወንድሜ ይህን ሁሉ አላየም። እኔ ብቻ ነኝ ያየሁት።

አጎታችን ተቀምጠው እንደ ልማዱ ከሩቅ ጀመሩ። ስለ ጤናዋ ጠየቁ፣ ስለ ዐይኗ ፈጣሪን አመሰገኑ፣ የሰው ልጅ ሁሉ ሂያጅ መሆኑን አነሡ። እናቴ አላቋረጠቻቸውም፣ አላገዘቻቸውም፤ ልክ አንድም ነገር የማታውቅ ሴት እንደምታየው በፍርሃት ፊታቸውን ታያለች። እኔ ትላንት አጠገቧ የነበርኩት እንኳ የማታውቅ መሰለኝ። «እኅትዎ አርፈዋል» ሲሉ ተነሣች። ከዚያ ያወጣችው ጩኸት ሕንፃውን በሙሉ አነቃ። ማስመሰል አልነበረም። ትላንት ሱቅ ውስጥ ዋጥ ያደረገችው ነው እንዲያ የወጣው፤ ከኋላዋ ልቆም የተላክሁት እኔ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ወንድሜ ዐይኗን እንዳታሽ ሁለቱን እጆቿን ይዞ አብሯት አለቀሰ።

ለቅሶው ላይ ቀብሩን አየችው፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተርፎ ወጥቷል፣ አንዲት ቦታ እንኳ አልተቆረጠችም። የምትስቅበት ብቻ ነው የጎደለው። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ያ ዲስክ ተመልሶ ቢመጣ በመዶሻ የምመታው ይመስለኛል። ዓርብ ዓርብ ግን አሁንም እንከፍትላታለን፤ አክስቴ እጇን ከአፏ ልታነሣ ስትል «በቃ፣ ዝጉት» ትላለች።

ወንድሜ ሰው በተሰበሰበ ቁጥር ይህን ነገር ያነሣል። የዛሬ ልጆች መርዶ በስልክ ይጽፋሉ፣ እኛ ግን ለእናታችን እንዴት አድርገን በወጉ እንደነገርናት እያለ ያወራል። አንዲት ጭምጭምታ ሳትሰማ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ በሽማግሌ አፍ። እናቴ ከጎኑ ተቀምጣ ራሷን እየነቀነቀች ትሰማዋለች፤ እኔን አታየኝም።